የመንገድ መምህርቷ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መኪና አከራዩ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ «እህቴ፣ ከከተማ ውጭ ነድተሽ ታውቂያለሽ? ኦቶማቲክ ይሻልሽ ይሆን?» ብሎ ጠየቃት። አየችው። ያቺን አስተያየት የሚያውቋት ያውቋታል። ከጫማ ጫፍ ትነሳና ቀስ እያለች ወደ ላይ ትወጣለች፤ አናት ላይ ስትደርስ «በቃ ይኸው ነው?» ብላ ትመለሳለች። አከራዩ ሳያስበው ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተና ቁልፉን አቀበላት።

ሴትየዋ የመንዳት አስተማሪ ነበረች። ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «እትዬ ፍሬን» ይሏታል። አንድም በማስተማሪያው መኪና ውስጥ እግሯ ሥር ካለው ትርፍ ፍሬን የተነሳ ነው፤ አንድም ምላሷ ከፍሬኑ ቀድሞ ሰው ስለሚያቆም ነው። «መሪ ነው የያዝሽው ወይስ ትሪ?» ትላለች። «ስፖኪዮው ፀጉርህን እንድታበጥርበት የተሰቀለ መሰለህ?» ትላለች። ለእሷ የሰው ዘር ሁለት ወገን ነው፤ መንዳት የማይችልና እችላለሁ ብሎ የሚያስብ። ሁለቱንም እኩል ትንቃለች።

የራሷ መኪና የላትም። የማስተማሪያውን እንዳትወስድ አናቱ ላይ «ለማጅ» የሚል ቀይ ሰሌዳ ተሸክሟል፤ ፍቅረኛ ቤት ደግሞ ለማጅ ተብሎ አይኬድም። ስለዚህ ተከራየች። ነጭ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ያለቀ፣ ውስጡ በሽቶ የተሸፈነ የሲጋራ ሽታ ያለው፣ ስንቱ ጀማሪ ጥርሱን የነቀለበት አሮጌ መኪና። «እንኳን ደህና መጣሽ አለኝ» አለች ለራሷ፣ መቀመጫውን ወደ ፊት እየሳበች።

የምትሄደው ፍቅረኛዋ ዘንድ ነው። የመንጃ ትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች «ልዑሉ» ብለው ስም ያወጡለት ሰው ነው። ቤተሰቡ በሌላ ከተማ የሴራሚክ ፋብሪካ አላቸው፤ የእጅ መታጠቢያና የሽንት ቤት መቀመጫ ያመርታሉ። «አገር ሁሉ ጠዋት ጠዋት እነሱ ላይ ይቀመጣል፣ እነሱ ግን ከሰው በላይ ይቀመጣሉ» ብላ ትቀልድበት ነበር፤ እሱም ይስቃል። እሷ ወዳለችበት ከተማ የመጣው የፋብሪካውን መደብር ሊከፍት ነው። ዕድሜውን ሁሉ በሾፌር ሲንቀሳቀስ ኖሮ፣ ሠላሳውን ካጋመሰ በኋላ ሰው ሳይሰማ መንዳት ልማር አለ።

እንደሱ ያለ ተማሪ ገጥሟት አያውቅም። ሦስተኛው ቀን ላይ መስቀለኛ መንገድ መሃል ሞተሩ ጠፋበት። ከኋላ የክላክስ መዓት ወረደ። እሷ «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን!» ስትል፣ ሰውዬው በሩን ከፍቶ ወረደና ከኋላ ላለው ባለ ጭነት መኪና አንገቱን ሰበር አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ። ባለ ጭነት መኪናው አፉን ከፍቶ ቀረ። እሷ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ተመልሶ ሲገባ በስፖኪዮው ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ከዚያ በኋላ ስፖኪዮው ለመንገድ የዋለበት ጊዜ ጥቂት ነው።

መንጃ ፈቃዱን ያወጣ ዕለት «ፍሬኔ» ብሎ ጠራት። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ስድብ ይሆን ነበር።

መደብሩ ተከፍቶ ወደ ከተማው ሲመለስ «እናቴ ዘንድ እወስድሻለሁ» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ይደውላል። ይወዳታል፤ መውደዱን አትጠራጠርም። ግን «ቆይ» ይላል። ቆይ፣ እናቴ ትንሽ አሟታል። ቆይ፣ ፋብሪካው ሥራ በዝቶበታል። ቆይ፣ ቀስ ብዬ ልንገራቸው። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ የስልኩን ወሬ ከማሽኗ ሥር ሆና ትሰማና፣ «አንቺ ሰው መንዳት ታስተምሪያለሽ፤ ራስሽ ግን ቆመሽ ቀረሽ እኮ» ትላታለች። ያቺ ቃል ናት መኪና ያስከራየቻት።

*

ከተማዋን ገና ከመግቢያዋ ናቀቻት።

አደባባዩ መሃል የፋብሪካው ቤተሰብ ያሠራው ፏፏቴ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች በነጭ ሴራሚክ ተለብጧል፤ ውሃው እየተንጎራጎረ ይወርዳል፣ ጥቂት ያርፍና እንደገና ይለቀቃል። «የሚያውቁትን ሠሩ» አለች። በአደባባዩ ዙሪያ የሚሽከረከሩት መኪናዎች ደግሞ አንዱም ፍሬቻ አያሳይም። «ፍሬቻ እዚህ አገር በራሽን ነው እንዴ?» አንዱ ከግራዋ ሰተት ብሎ ሲገባባት ጎማውን፣ ሞተሩንና መንጃ ፈቃድ የሰጠውን ሰው ጨምራ ሰደበችው።

ሆቴሉንም ናቀችው። እንግዳ ተቀባይዋ «ብቻሽን ነሽ?» ያለችበትን ድምፅ ናቀችው። የክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሰማያዊ ፈረሶች፣ እንደ ጡብ የደረቀውን ትራስ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ደግሞ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ የታተመውን የቤተሰቡን የፋብሪካ ምልክት፣ ሁሉንም በየተራ ናቀች። እንዲህ ስታደርግ ልቧ እንደሚመታ አይታወቃትም። ንቀት ለእሷ እንደ ወፍራም ካፖርት ነው፤ ሲበርዳት ትደርበዋለች።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደወለች።

«ፍሬኔ! ደህና ነሽ? በዚህ ሰዓት አትደውዪም ነበር እኮ።»

«ደህና ነኝ። አደባባያችሁን አየሁት።»

«የቱን አደባባይ?»

«ውሃ የሚለቀቅበትን።»

ትንፋሹን ሰማች። ደስታ የራሱ ትንፋሽ አለው፤ ፍርሃትም የራሱ አለው። ስንቱን ተማሪ ቁልቁለት ላይ ጎኗ አስቀምጣ ሰምታለች፤ ሁለቱን መለየት ሥራዋ ነው።

«እዚህ ነሽ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የት ነሽ? ካለሽበት እንዳትንቀሳቀሺ፤ እኔ እመጣለሁ፣ ብቻ...»

ከጀርባው የሴት ድምፅ «ማናት?» ሲል ሰማች። እጅ ስልኩን ሲሸፍነው፣ ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ።

«አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ? ስንቴ አምጣት ብዬ ለመንኩት መሰለሽ! ነገ ምሳ እኛ ጋ ነሽ፤ እምቢ አይባልም።»

የእናቱ ድምፅ እንደ ደወል የጠራ ነው። የታመመ ሰው ድምፅ አይደለም። ስልኩ ሲዘጋ እዚያው እንደተቀመጠች ቀረች። መናደድ ነበረባት። ግን «ስንቴ ለመንኩት» የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርታ እንደ ትንሽ እሳት ታሞቃት ጀመር፤ ራሷን ናቀችበት፣ እሳቱን ግን አላጠፋችውም።

*

በማግስቱ የግቢውን በር የከፈቱላት የቤቱ ሾፌር ናቸው፤ ሸበቶ፣ ጨዋ ሽማግሌ። ጠባቧ ቦታ ውስጥ ወደ ኋላ ሄዳ መኪናዋን በአንድ ጊዜ ስታስገባ አይተው «እጅሽ ይባረክ» አሏት። በዚያ ቤት በእውነት ስለ እሷ የተነገረ ብቸኛው ቃል ያ ነበር።

እናትየው በረንዳው ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። «ነይ፣ ግቢ ዶክተር!»

ከኋላዋ ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ዞር አለች። ማንም የለም።

የምግብ ጠረጴዛው ራስ ላይ የሰውዬው አክስት ተቀምጠዋል፤ የሟች አባቱ እህት፣ ሹካ ይዘው ሳህኑን በቀስታ ኳ ኳ የሚያደርጉ፣ የሐር ሻርፕ ያደረጉ ሴት። እሱ ከእናቱ ጎን ነው። መጨረሻ ካየችው ወዲህ ቀጥኗል። ሸሚዙን አንገቱ ድረስ ቆልፏል። ፈገግ አለላት፤ ፈገግታው ልመና ይመስል ነበር።

«መንገድ ነው አሉ የምታስተምሪው» አሉ አክስት፣ «ዩኒቨርሲቲ።»

«የመንገድ ምህንድስና» አለ እሱ ቶሎ ብሎ፣ ዓይኑን ከሾርባው ሳያነሳ።

ያኔ ገባት። እናቱ አልታመመችም፣ ፋብሪካውም ፋታ አላጣም። ሰውዬው እሷን እያነጻት ነበር ለካ። እንደ ፋብሪካው ዕቃ ለብጦ፣ ቀብቶ፣ አንጸባርቆ ሊያቀርባት።

«እንግዲህ በሙያሽ የከተማችንን መንገድ እንዴት አየሽው?» አሉ አክስት።

«መንገዱ ምንም አይልም» አለች። «የሚነዱበት ናቸው ችግሩ።»

አክስት ከት ብለው ሳቁ። «እውነቷን ነው! ዶክተር አፌ ቁርጥ ይበልልሽ!» እናትየው ዓሣ ጨመረችላት። ሴትየዋ ሰውዬው ቀና እንዲል ጠበቀችው። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ቢል፣ ዓይኗን አይቶ በዓይኑ «ይቅር በይኝ» ቢላት፣ ዓሣዋን በልታ ዶክተር ሆና ልትውል ዝግጁ ነበረች፤ በኋላ ለብቻው ቆዳውን ትገፈዋለች እንጂ በሰው ፊት አታዋርደውም። እሱ ግን ሾርባውን እንደ ጥልቅ ጉድጓድ ቁልቁል ያያል።

ሹካዋን አስቀመጠች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ወደ እናትየው ዞራ። «የተሳሳተ ነገር አለ። እኔ ዶክተር አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲም በበሩ አልፌ ይሆናል እንጂ ገብቼ አላውቅም። መንዳት ነው የማስተምረው፤ መኪና። ለልጅዎም መንጃ ፈቃድ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»

የአክስት ሹካ ኳኳታውን አቆመ። «አንተ፣ መኪና ትነዳለህ?»

አክስቱን አየ። እናቱን አየ። በመጨረሻ እሷን አየ፤ ያንኑ በስፖኪዮ የለመደችውን ለስላሳ ዓይኑን ጣለባት፣ ልቧም አሁን ይናገራል ብሎ ጠበቀ።

እሱ ሳቀ።

«ቀልደኛ ናት ብያችሁ አልነበር?» አለ። «ደህና አድርጋ አሞኘቻችሁ!»

አክስት እፎይ ብለው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። እናትየው አልሳቀችም።

ሴትየዋ አፏን በናፕኪን ጠረገች። «ዓሣው ጣፋጭ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተነሳች። እሱ ከወንበሩ በግማሽ ብድግ አለ፤ አክስቱን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን አዞረች። ሰው ስትንቅ ነው የኖረችው፤ መናቅንም ታውቀዋለች፤ ከአከራዩ እስከ እንግዳ ተቀባይዋ በየቀኑ ትቀምሰዋለች፣ አጻፋውንም ትመልሳለች። ይኼኛው ግን መልስ አልነበረውም። በፍቅር ዓይን እያያት ነው የካዳት።

*

እሁድ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ስትወርድ እናትየውን የሆቴሉ ሳሎን ጥግ ተቀምጣ አገኘቻት፤ ብቻዋን፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«ተቀመጪ ልጄ» አለች። «እኔ ትናንትም አልሞኘሁም።»

ተቀመጠች። «እሱ ነው የላከዎት?»

«ራስህ ሄደህ ንገራት ብለው አንቺ ንገሪልኝ አለኝ።»

«ሃ!» አለች ሴትየዋ። ሳቅ አልነበረም።

እናትየው እንዳልሰማች አለፈችው። «ሰውየሽ የዋሸው እኔን ፈርቶ አይደለም። ያቺን አክስቱን ፈርቶ ነው። የፋብሪካው ግማሽ በእጇ ነው፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ እሷ ስታስል ቤታችን ይንቀጠቀጣል። ደግነቱ ቀልድ መስሏታል፤ ይምሰላት። እናንተ ትጋባላችሁ፤ የሚከለክላችሁ የለም። አንቺ በሰው ፊት ዶክተር ሁኚ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ከተጋባችሁ በኋላ ማስተማሩን አቆመች እንላለን፤ ማን ይመረምራል? ቃል ናት እኮ፣ አንዲት ቃል።»

«ሥራዬስ?»

«ሥራ ምን ያደርግልሻል? መኪና እንደሆነ ይኖርሻል። ሾፌርም አለ።»

«ለእኔ ሾፌር» አለች ቃሉን ቀስ እያደረገች፣ እንደ መራራ ፍሬ እያላመጠችው። ያቺ አስተያየቷ ከእናትየው ጫማ ተነሳች። ያማረ ጫማ ነው። ወደ ቦርሳው ወጣች፣ ወደ ዕንቁው...

«አትናቂኝ» አለች እናትየው ድንገት። «እኔን በዚህ ከተማ ማን ነበረች ብለሽ ብትጠይቂ፣ የፋብሪካው ጸሐፊ ነበረች ይሉሻል። የጽሕፈት መሣሪያ ነክቼ አላውቅም። ጭቃ ነበር የማቦካው። በእግሬ፤ እስከ ጉልበቴ። ባሌ አየኝ፣ ወደደኝ፤ ለወገኖቹ ግን ጸሐፊ ናት አላቸው። እኔም ሆንኩላቸው።»

አስተያየቷ መንገድ ላይ ቀረች።

«ልጅዎ ያውቃል?»

«አብረውኝ ከሠሩት በቀር አንቺና እኔ ነን የምናውቀው። ልጄ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ አልጎዳኝም። አንድም ቀን አልጎዳኝም።» ይህን ስትል ግን አንገቷን አዙራ በሩን አየች፣ ቀጥላ ብርጭቆ የሚወለውለውን አስተናጋጅ፣ ደግሞ በሩን።

«አብረውዎት ጭቃ ያቦኩ የነበሩት ሴቶችስ?»

«አንዳንዶቹን መንገድ ላይ አያቸዋለሁ።»

«ሰላም ይሏቸዋል?»

እናትየው የቦርሳዋን ማያያዣ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች።

«እኔ መንገድ ስሻገር ያስተማርኳቸው ሁሉ ክላክስ ይነፉልኛል» አለች ሴትየዋ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «ባለ ታክሲው፣ ባለ አምቡላንሱ። አንዳንዱ ሊሰድበኝ ይሆናል የሚነፋው። ግን የማን ክላክስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እነሱም ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። ያንን ልተወው አልችልም፤ አይቆጡኝ።»

«አልቆጣሽም» አለች እናትየው። ተነሳች። ለመሄድ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለት ጊዜ ቆመች። «ታዲያ ምን ልበለው?»

«ራሱ ይምጣ።»

እናትየው በሩ ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ያማረ ጫማዋ ወለሉን እየመታ። ሴትየዋ ከኋላ ስታያት፣ ልትንቃት የተዘጋጀችባትን ያቺን ሴት አቅፋ ማልቀስ አማራት፤ ይህን ምኞቷን አላመነችውም።

*

ሻንጣዋን መኪናው ውስጥ እየከተተች ሳለ የቤቱ ጥቁር መኪና ከመንገዱ ማዶ ቆመ። ሽማግሌው ሾፌር ወርደው በሩን ከፈቱለት። እሱ መንገዱን ግራ ቀኙን ሳያይ ተሻገረ።

«ስሚኝ።»

«እየሰማሁህ ነው። ትናንትም ሰምቼሃለሁ።»

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን? ሾርባ የሚጠጡ አሮጊትን?»

«አንቺ አታውቂም። ያ ቤት ውስጥ ስታድጊ...»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። መንጃ ፈቃድህ የት ነው ያለው?»

«መሳቢያ ውስጥ» አለ።

«ከወጣ ወዲህ ነድተሃል?»

አቀረቀረ።

«አንድም ቀን?»

«ሾፌራችን ይከፋቸዋል ብዬ... አርጅተዋል፣ ሥራቸውን የቀማኋቸው እንዳይመስላቸው...»

ሴትየዋ የመኪናዋን የኋላ ክዳን ጓ አድርጋ ዘጋችው። «ሰው ሆይ! ለሰው ሁሉ ታዝናለህ እኮ። ለሾፌሩ ታዝናለህ፣ ለአክስትህ ሳል ታዝናለህ፣ እናትህን ደግሞ መልእክተኛ አድርገህ ሆቴል ለሆቴል ትልካለህ። ደግ ነኝ ብለህ ታምናለህ። ደግነት መስሎኝ ነበር እኔም! ተሳስቼ ነው። አንተ የሚቆጣህ ሰው እንዳይኖር ብቻ ነው የምትፈልገው። እኔ እንደማልቆጣ ማን ነገረህ? እኔ እንደ ዕቃ ተቀብቼ ስቀርብ ዝም የምል መሰለህ? ብትንቀኝ ይሻለኝ ነበር። የሚንቀኝን መልስ እሰጠዋለሁ። አንተ ወደድከኝ፣ አፈርክብኝ፣ ሁለቱን በአንድ አፍ!»

አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ድሮ ቢሆን ይቅርታ ሊጠይቃቸው ይዞር ነበር፤ ዛሬ አልዞረም። እንባው ፊቱ ላይ ወረደ፤ ሊጠርገውም አልሞከረም።

«ልክ ነሽ» አለ። «ሁሉም ልክ ነው። አብሬሽ ልሂድ። አሁን። ልብስ ሳልይዝ፣ ማንንም ሳልሰናበት። ዶክተር አልፈልግም ፍሬኔ፤ እትዬ ፍሬንን ነው የምፈልገው። የምትሰድበኝን።»

ያን ያህል ስድብ ያከማቸው ልቧ በአንዴ ባዶ ሆነ። የመኪናውን ጣሪያ ያዘች።

«ና» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

ማዶ ተሻግሮ ሾፌሩን አነጋገራቸው። ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቁ፤ እሱ ራሱን ነቀነቀ። ጥቁሩ መኪና ተነስቶ ሄደ። ባዶ እጁን ወደ እሷ ሲመለስ አየችው፤ ሲሮጥ፣ እንደ ልጅ ሲሮጥ፣ ፊቱ ሲያበራ። ገብታ መሪውን ያዘች። ሞተሩን አስነሳች። ዓለም ላይ የምትንቀው አንድም ነገር ያልነበረባት ቅጽበት ያቺ ብቻ ናት። ያንን የሲጋራ ሽታ እንኳ ወደደችው።

በር ተከፈተ። በር ተዘጋ።

ማርሽ አስገባችና መንገዱን ለማየት ወደ ስፖኪዮው ቀና አለች። ስፖኪዮው ውስጥ እሱ አለ።

ከኋላ ተቀምጧል። በቀኝ በኩል፣ አለቆች በሚቀመጡበት ቦታ፣ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ። ፊቱ ላይ ከትናንት ጀምሮ ያልነበረ ሰላም ወርዷል፤ የሚወስደው ሰው ያገኘ ሰው ሰላም።

እሱ ዓይኗን በመስታወቱ ውስጥ አገኘና ፈገግ አለላት። ፈገግታው ቀስ እያለ ቆመ። የፊተኛውን ባዶ ወንበር አየ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ወደ ፊት ልምጣ?»

ጠየቃት። ሳይጠይቅ ቢመጣ፣ ወርዶ የፊቱን በር ከፍቶ ቁጭ ቢል፣ ይባስ ብሎ «ተነሺልኝ፣ እኔ ልንዳ» ቢላት፣ ዕድሜ ልኳን እየሳቀች የምታወራው ቀልድ ይሆን ነበር። እሱ ግን የምታዘውን እየጠበቀ በመስታወቱ ውስጥ ያያታል፤ አክስቱን የሚያይበት ዓይን ነው። እሷም አክስት ልትሆንለት ነው እንግዲህ። ስታስል ቤቱ የሚንቀጠቀጥላት።

«ውረድልኝ» አለች። ቁጣ አልነበረበትም። እንዲህ ለስላሳ ድምፅ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። «ውረድልኝ፣ የኔ ጌታ።»

ወረደ። በመኪናው ጎን ዞሮ የፊተኛው በር ዘንድ ቆመ። እጁን መያዣው ላይ አሳረፈ። አልከፈተውም። እሷም አልቆለፈችውም። ሞተሩ እየሠራ፣ ዓይኗን ከፊት ለፊቷ መንገድ ላይ ተክላ ጠበቀችው። ማንንም እንደዚያ ጠብቃ አታውቅም። በልቧ ግፋ፣ ክፈት፣ ግባ እያለች፣ በአፏ ግን አንድም ቃል ሳትተነፍስ ጠበቀችው። አንዴ ብትናገር ይገባል፤ እሱን ታውቃለች። ለዚህ ነው ያልተናገረችው።

እጁ ከመያዣው ላይ ወደ ኪሱ ገባ።

ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች። ያ አሮጌ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንገጫገጭ ተነሳ።

ከከተማዋ ወጥታ ቤቶቹ ሲያልቁ ልትንቀው ሞከረች። ስድብ ፈለገችለት፤ ስድብ አጥታ የማታውቅ ሴት። ልዑል፣ ፈሪ፣ የእናቱ ቀሚስ ያዥ... ሁሉም አፏ ድረስ ይመጣና ይረግፋል። የሚመጣላት ያ እጅ ነው፤ መያዣው ላይ ያረፈው፣ ቀጭኑ፣ ቀለበት የሌለው እጅ።

ፍሬቻ አሳየች። ወደ ዳር ወጣች። ማርሹን ነጻ አደረገች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ሞተሩን አጠፋች። ሁሉንም በሥርዓቱ ከጨረሰች በኋላ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ብትናደድ ይሻላት ነበር፤ አልተናደደችም። ገና ከከተማው እንኳ ሳትርቅ ናፍቋት ነበር።